በፕላኑ ላይ ያልነበረው ሰው

ሐሙስ፣ 7

ወረርሽኙ ከዘጋው ከአምስት ወር በኋላ አዳራሹ ተከፈተ። ለአምልኮ ሳይሆን ለእኔ ሜትር። ከዘበኛው ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንጎትት ዋልን። ርዝመቱ ሃያ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ወርዱ አሥራ አራት። በወንበርና በወንበር መካከል ሁለት ሜትር ይተዋል፤ ስምንት ረድፍ፣ በረድፍ ስድስት፤ አርባ ስምንት ሰው። ድሮ አራት መቶ ሰው ገብቶ በር ላይ የሚቆም አይጠፋም ነበር። ለመጋቢው ቁጥሩን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ስድሳ አይሆንም ወይ ጋሽዬ አለኝ። መሬት አይለጠጥም አልኩት።

ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ሜትሬን ፈልጎት አያውቅም፤ ቅጽል ስሜ ብቻ ቀርቶልኛል፣ ጋሽ ሜትር። ዛሬ ግን የአዳራሹን ፕላን በነጭ ወረቀት አነሳሁ፤ መድረኩን፣ መስኮቶቹን፣ መካከለኛውን መተላለፊያ፣ እያንዳንዱን ወንበር በቁጥሩ። ከሠራኋቸው ሁሉ ንጹሑ ሥራ ነው ብል ጉራ አይሆንም።

በር ላይ የምቆመውም እኔ ነኝ። ሙቀት እለካለሁ፣ ስምና ስልክ እመዘግባለሁ። እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ጽፈው እንዲፈርሙ አላደርግም፤ ስማቸውን ይነግሩኛል፣ የምጽፈው እኔ ብቻ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ አልመጣለትም።

እሑድ፣ 10

አርባ ሰባት ሰው። ሁሉም በቁጥሩ ተቀመጠ፣ ማንም ማንንም አልነካም። ሃያ ዓመት የማውቀውን ሰው ስምህ ማን ነው ማለት አሳፈረኝ፤ ግን ከማስኩ በላይ የቀረው ዓይን ብቻ ነው፣ ዓይን ደግሞ ለካ ብቻውን ሲሆን የማንም አይመስልም።

መዘመር ክልክል ስለሆነ አፍ እንደተዘጋ ዜማው ብቻ ይወጣል። ያንን የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ አልወደድኩትም። አርባ ሰባት የተሸፈነ አፍ ሲያንጎራጉር ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከጣሪያው ነው ስል ከወለሉ ይሆንብኛል፣ ከወለሉ ነው ስል ከጀርባዬ። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ከኋላዬ ያለው በሩ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ 12

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ስድስት፤ ያሳደገችኝ እሷ ነች። አሁን ሰባ ስምንት ሆኗታል፣ ሳንባዋም ደካማ ነው። አምስት ወር ሙሉ የምንገናኘው በመስኮት ነው፤ እኔ ግቢ ውስጥ፣ እሷ ሳሎን፣ መስታወቱ መሃላችን። ጆሮዋ ስለደከመ እጮኻለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጉዳያችንን ጠንቅቆ ያውቃል።

አምልኮው መከፈቱን ሰምታለች። ውሰደኝ አለች። አይሆንም አልኳት። ሰው ሲዘምር መስማት ናፈቀኝ አለች። አይዘመርም እኮ እትዬ፣ እም እም ብቻ ነው አልኳት። እም እሙም ይበቃኛል አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ያኖርኩላትን ዕቃ እስክታስገባ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየኋት፤ በጣም ከስታለች።

ረቡዕ፣ 13

አርባ አራት ሰው። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ የወንበሮቹን ቦታ ያሰመርኩበት የጠመኔ አቧራ ነው። በማስክ ውስጥ የሚነገር ስም አይሰማም፤ ጎንበስ እላለሁ፣ ድገሙልኝ እላለሁ። እኔ ስናገርም አይሰሙኝም። አንዳንዴ ማስኬን ዝቅ አድርጌ ስማቸውን መልሼ እጠራላቸዋለሁ፣ ስህተት እንዳይኖር። ተቀምጠው ያመለጡኝን ደግሞ በመተላለፊያው ሄጄ እጠይቃለሁ። መዝገቡ እንከን የለውም።

ቅዳሜ፣ 16

በረኪና ሻጩ አጭበረበረን። ዛሬ ወለሉን ለማጽዳት ጀሪካኑን ከፍቼ ባሸተው ውሃ ነው፣ ምንም ሽታ የለውም። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ያው ነው። በዚህ በክፉ ቀን እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? አንድ እጅ የነበረውን ሦስት እጥፍ አድርጌ በጠበጥኩት። ዘበኛው አጠገቤ ሲወለውል ዓይኑን እየጠራረገ ነበር፤ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መሰለኝና ዝም አልኩት።

ምሳዬም ጣዕም የለውም። ብቻውን የሚበላ ሰው ምግብ ድሮስ መቼ ይጣፍጥና። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያበሰልኩት ሁሉ እንዲሁ ነው።

እሑድ፣ 17

ሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ያነባል። መጋቢው ከመድረክ ወርዶ ጋሽዬ ምእመናኑ ምን ሆነው ነው ሲለኝ ንስሐ ይሆናል አልኩት። አልሳቀም።

ልብስ ሰፊዋን መለስኳት። በር ላይ ደርሳ ስሟን እየነገረችኝ ሳለ ሳል ያዛት፣ እንደ ዋዛ አልነበረም፣ ታጥፋ ነው የሳለችው። ሙቀቷ ሠላሳ ስድስት ከአራት ነው። የክር ብናኝ ነው፣ ሃያ ዓመት የሳልኩት ሳል ነው፣ እዚህ ስደርስ ደግሞ አንድ ነገር አፈነኝ አለችኝ። ደንብ ደንብ ነው አልኳት። ለአርባ ስምንቱም ሰው ማስክ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችው እሷ ነች፤ እኔ ያደረግሁትም የእሷ ነው። ወረፋ የያዙት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መንገዱን ተሻግራ ከግንቡ ሥር ቆመች። አምልኮው እስኪያልቅ እዚያው ነበረች፣ በሩን እያየች።

ሄዳ ቤቷ ብትቀመጥ ምን ነበረበት።

ማክሰኞ፣ 19

መጋቢው ደወለ። ሦስት ሰው ታመመ፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ ግንበኛው። ሦስቱም ምርመራ ሰጥተው ተገኝቶባቸዋል። እሑድ በር ላይ ስታስል የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ናት አልኩት። በሩ ላይ ሁሉም አይቷታል አልኩት። ግን ወደ ውስጥ አልገባችም እኮ አለኝ። ታዲያ ከማን ይሆናል አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ሰማሁ። እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ 20

አምስት ወንበር ባዶ። ዛሬ ቤት ገብቼ የታመሙትን ወንበሮች በፕላኑ ላይ በቀይ እርሳስ አጠቆርኳቸው። አርባ አምስት። አርባ። ሠላሳ ሦስት። ሃያ ስምንት። ሃያ ሁለት። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አየሁት። ተበታትነው አይደሉም። ከበሩ ተነስተው በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ወደ መድረኩ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ከበሩ ገብቶ እዚህ አንዱን እዚያ አንዱን ትከሻ እየነካ ያለፈ ይመስላል።

የመሬት ሰው ነኝ፣ በመንፈስና በጥላ የማምን አይደለሁም። ግን ዛሬ ሲወጡ ሁለት ሴቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለ ሲባባሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ልገሥጻቸው ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ።

ለአምስቱም ደወልኩ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው። በአምልኮ ሰዓት ማን ቀረባችሁ? አምስቱም ቁርጥ አድርገው ማንም አሉኝ። ሁለት ሜትሬ ተከብሯል። ዳቦ ጋጋሪው ትንፋሹ እየተቆራረጠበት፣ ማንም፣ ጋሽ ሜትር፣ እግዜር ምስክሬ ነው አለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬም ከግንቡ ሥር ቆማ ነበር።

ዓርብ፣ 22

ዳቦ ጋጋሪው ሆስፒታል ገባ።

እትዬ ዛሬ በመስኮቱ አላነጋግር አለችኝ። ወንበሯ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ብጮኽ፣ መስታወቱን ብመታ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁና ልሄድ ስል ዞረች። ስንት እሑድ የቀረኝ ይመስልሃል፣ አንተ ቆጥረህ ታውቃለህ እንዴ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሌሊቱን አስቤ አስቤ መላ አገኘሁ። ከወንበሮቹ መካከል ማንኛውም ላይ አላስቀምጣትም፤ በዚያ መስመር ላይ አይሆንም። አርባ ዘጠነኛ ወንበር እጨምራለሁ፣ ከክፍቱ በር አጠገብ፣ ንጹሕ አየር በሚገባበት። ለክቼዋለሁ። ከቅርቡ ወንበር አራት ሜትር ከሠላሳ ይርቃል። በአዳራሹ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። እኔም ከመዝገቡ ጠረጴዛ ሆኜ እጠብቃታለሁ፤ እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ።

እሑድ፣ 24

ዛሬ በዝርዝር ልጻፍ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቷ አወጣኋት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደ ሙሽራ ተሰናድታ ነበር። በመንገድ ሁለት ሜትር ከኋላዋ ሄድኩ። አምስት ወር ያልረገጠችውን መንገድ እያየች ይህ ዛፍ እዚህ ነበር እንዴ ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ከግንቡ ሥር ሆና ለእትዬ እጅ ነሳች፤ እትዬም አጎንብሳ መለሰችላት። ማናት፣ ለምን አትገባም ብትለኝ ታማ ነው አልኳት።

ዛሬ የተገኘው ሠላሳ አንድ ሰው ነው። ቀይ የሆኑት ወንበሮች ዘጠኝ ደርሰዋል፣ የቀሩት በፍርሃት ያልመጡ ናቸው። እንጉርጉሮው ተጀመረ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዘንበል አደረገች። ያ እኔ የምሸሸው ድምፅ ፊቷን ወዛም አደረገው። አየሽ፣ ደግ አደረግሁ አልኩ በልቤ።

መጋቢው ምዕራፍና ቁጥር ሲጠራ አልሰማችም። ምን አለ አለችኝ። ነገርኳት፣ አልሰማችም። ደግሜ ነገርኳት። ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ስለዚህ ማስኩን ዝቅ አድርጌ ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ የቀረውንም እንዲሁ እያደረግሁ ስነግራት ቆየሁ፣ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እጄን ያዘችኝ፤ አላስለቀቅኋትም። ልብስህ በረኪና በረኪና ይላል፣ ዓይኔን አቃጠለኝ እኮ አለችኝ። ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን አፍንጫዋም አርጅቷል አልኩ፤ በረኪናው ውሃ ነው።

በሰላም ቤቷ መለስኳት። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ 26

ዳቦ ጋጋሪው ዛሬ ጠዋት ሞተ።

ምን እንደቆረጠኝ አላውቅም፣ በስድስት ሰዓት አዳራሹን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ። ያ መስመር የሚጀምረው ከበሩ፣ ከመዝገቡ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እዚያ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ማን እንደሚመጣ ለማየት ነው። ይህን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው በጠራራ ፀሐይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጥላ ሲጠብቅ። ወንበሮቹ በየቁጥራቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ፀጥታው ጆሮ ይደፍናል። ከዓይኔ እንባ ይወርዳል፣ የማለቅስ ግን አልመሰለኝም። ደረቴ ተጨነቀ። መጣ፣ ይኸው መጣ አልኩ፤ አጠገቤ አንድ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ ገባና ወዲያው ክንዱን አፍንጫው ላይ ጭኖ ወደ ኋላ ተንደረደረ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ተመልሶ ብብቴን ያዘና እየጎተተ ደጅ አወጣኝ። ወንበሩን ስጎትት ጠረጴዛው ሥር የነበረውን ጀሪካን ገልብጬው ኖሮ፣ ሁለቱም እግሮቼ በረኪናው ውስጥ ነበሩ። የሱሪዬ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነጭ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ይህን ሳያሸቱ ነው የተቀመጡት?" አለኝ።

ቀና ስል ልብስ ሰፊዋ ማዶ ቆማለች። ዛሬ እኮ አምልኮ የለም።

ረቡዕ፣ 27

መጋቢውን ጉንፋን ይዞኛል፣ ሌላ ሰው በር ላይ ይቁም አልኩት። ጉንፋን ነው። ጉንፋንም አፍንጫ ይዘጋል። ሽቶ፣ ሳሙና፣ ጋዝ፣ የተቆረጠ ሽንኩርት። ምንም።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩ። 13፣ ጉሮሮ። 16፣ በረኪና። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።

አስተማሪዋ እየተሻላት ነው። ደወልኩላት። ማንም አልቀረበኝም ብለው ነበር፣ እኔስ አልኳት።

"እርስዎማ ስሜን ሊጠይቁ መጥተው ጎንበስ ብለው ነበር። አስተናጋጅ አይደሉ እንዴ ጋሽዬ፤ እንደ ሰው አልቆጠርኩዎትም።"

ፕላኑን አወጣሁ። መድረኩ አለ፣ መስኮቶቹ አሉ፣ አርባ ስምንቱ ወንበሮች አሉ። እንዲያውም እሳት ማጥፊያውን አስገብቼዋለሁ።

ዓርብ፣ 29

እትዬ ትናንት ማታ ማሳል ጀመረች።

ምርመራ ሰጠሁ። አለብህ፣ ምናልባትም እየለቀቀህ ነው አሉኝ። እኔን እየለቀቀኝ!

ለመጋቢውና ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ቀጥሎ ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ ለመጋቢው ስሟን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩም ጭምር። ልብስ የሚያሰፋት ሰው እንደጠፋ፣ ደንበኞቿ ጨርቃቸውን እንደወሰዱ ነገረችኝ። ስትጮህብኝ ደስ ባለኝ፤ አልጮኸችም። እዚያ ግንብ ሥር የምቆመው እንዲያዩኝ ነበር፣ ከእኔ እንዳልሆነ እንዲያዩ፣ እኔ ደጅ ሆኜም ሰው እንደሚታመም አለችኝ። ከዚያም እህትህ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

እሑድ፣ 1

አዳራሹ ተዘጋ። ቤቴ ተቀምጬ መዝገቡን ይዤ ለእያንዳንዱ ሰው ደወልኩ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስልኩን አንስታ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ 3

እትዬን አምቡላንስ ወሰዳት። ኦክስጅን ላይ ናት። መግባት አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ከቤት መውጣት የለብኝም። ነርሷ ስልኳን ከትራሷ ሥር ታስቀምጥላታለች፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታ። ዛሬ ሁለት ደቂቃ አወራን። ምግቡ አይረባም አለች።

ለእሷ ብቻ አልነገርኳትም። አርባ ስምንት ሰው ሳናግር አፌን ያልያዘኝ ሰው።

ቅዳሜ፣ 7

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ደወለች። ቁጥሩን የመታችላት ነርሷ ናት። ቃሏ በቁርጥራጭ ነው የሚመጣው፣ በየመሃሉ ትንፋሽ ትፈልጋለች። አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ፈልጋ ነው። ከሰው ነው የያዘሽ ብለዋታል። ያ ሰው እስካሁን ራሱን እየበላ ይሆናል አለችኝ፤ ስሙን ጠርታ ልትጸልይለት ትፈልጋለች።

"አንተ ሁሉንም ትመዘግባለህ። ስሙን ንገረኝ።"

እኔ ነኝ እትዬ አልኳት። አልሰማችም። እኔ ነኝ ብዬ ጮኽኩ፤ ጎረቤት ሰምቶኛል፣ ይስማ። በጆሮሽ ሳወራሽ፣ እጄን ስትይዢኝ፣ ያኔ ነው አልኳት። የኦክስጅኑ ሽውታ ብቻ ይሰማል።

"ለአንተማ" አለች፣ "ስጸልይ ስድሳ ሁለት ዓመቴ።"

ከዚያ አልቅሼ ይቅርታ ልል ስጀምር አታውራ አለችኝ። ደክሟታል። ብቻ ስልኩን አትዝጋው፣ እዚያ መሆንህን ልስማ አለች። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ይህን የምጽፈው አጠገቡ ሆኜ ነው።

ሰዓቴን ይዤ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሰባት ሰዓት ላይ በደቂቃ ሠላሳ አራት። ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስት፤ ተረጋጋች አልኩ። ስምንት ተኩል ላይ አሥራ አራት። በመሃል አፏን ዘግታ አንድ ዜማ ያንጎራጎረች መሰለኝ፣ ወይም ማሽኑ ነው።

ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ወዲህ ትንፋሿ አይሰማኝም። ወደ ግድግዳው ዞራ ስልኩ ከትራሱ ሥር ገብቶ ይሆናል። የነርሷ ነጠላ ጫማ ሲመጣ ሰማሁ፣ ቆመ። እትዬ አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም፣ ወስዷት ነው። አትዝጋው ብላኛለች። አልዘጋሁትም።